ስድስት ብልቃጥ ብርሃን ወደ ጣና

ከባሕር ዳር ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ያለው የሰፈሬ ሰው ግን እስካሁን መንገድ ላይ እያስቆመ ይጠይቀኛል። «ፏፏቴውን አየሽው?» አላየሁትም። «ደሴቶቹ ላይ ያሉትን ገዳማትስ?» ከሩቅ። «ጉማሬስ?» አንድ ጥቁር ነገር ውኃው ላይ ብቅ ሲል አይቼ ነበር፤ ግንድ ነው አሉኝ። «ታዲያ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ምን ስታደርጊ ከረምሽ አቦ?» መልሱ መንገድ ዳር ቆሞ የሚነገር ስላልሆነ ጻፍኩት። በድሬዳዋና በጣና መካከል ብዙ አገር አለ፤ አብዛኞቻችሁም እንደማትሄዱ አውቃለሁ። እንግዲህ የሄድኩት እኔ ላልሄዳችሁት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጉዳይ። ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያዬን እየሠራሁ ነው። የምሠራው ፔሮቭስካይት የሚባል ናኖ ክሪስታል ነው። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ የጨው ዘመድ ነው። አንዲት የጨው ፍሬ ወስዳችሁ በዓይንም በማጉያ መነጽርም እስከማትታይ ድረስ ብትከፋፍሏት፣ የኔ ክሪስታል ያንን ታክላለች። ሐምራዊ ብርሃን ሲያርፍባት አረንጓዴ ታበራለች። የጎመን አረንጓዴ አይደለም የምላችሁ፤ በረመዳን ሚናራ ላይ የሚበራውን አምፖል አስቡ። ይህ ነገር ቢጸና ለመብራት፣ ለስልክና ለቴሌቪዥን መስታወት ይሆን ነበር። ችግሩ አይጸናም። ውኃ ይገድለዋል፤ እርጥብ አየር ብቻውን ይበቃዋል። ስለዚህ እያንዳንዷ ፍሬ ስስ የዘይት ኮት ትለብሳለች።

ሲሠራ ግን ትርፍ ዘይት ይቀራል። ትርፉ ዘይት ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ይታጠባል። እኔ በማጠብ የታወቅኩ ነኝ። ሌላው ሁለቴ ሲያጥብ እኔ አምስቴ አጥባለሁ። አስተማሪዬ ዶክተር ሙክታር ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ «የፈቲያን ብልቃጥ እዩ፣ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው» እያለ ያሳያል። ክሪስታሎቹም እኛ ዘንድ ለሳምንታት ሳይደበዝዙ አበሩ። የጥናት ጽሑፉም ተረቀቀ፣ ዶክተርም አንድ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «በእርጥበት ውስጥ ይጸናሉ» ብሎ ተናገረ። የኔ መመረቅም ያችን ዓረፍተ ነገር ተደግፎ ቆመ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ዶክተር ረቂቁን ይዞ መጣና፣ «ፈቲ፣ ይሄ የኛ ጉብዝና ነው ወይስ የድሬ ድርቀት?» አለኝ።

እኛ ዘንድ ዝናብ ጎርፍ ሆኖ መጥቶ ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል፤ በማግስቱ አቧራ ነው። ስለዚህ እርጥብ አገር መፈለግ ነበረብን። ከባሕር ዳር ክረምት በላይ ምን ይረጥባል? ሰርካለም የምትባል አዲስ አበባ ሥልጠና ላይ የተዋወቅኳት ልጅ እዚያ ቤተ ሙከራ ትሠራለች፤ መስኮታቸው ሐይቁን ያያል፤ የብርሃን መለኪያም አላቸው። «ነይ እንጂ፤ እኛ ቤት ታርፊያለሽ» አለችኝ።

በአውሮፕላን ልሄድ ነበር። ክሪስታሎቹ የሚኖሩት ቤንዚን ቤንዚን በሚሸት ፈሳሽ ውስጥ ነው። የአየር ማረፊያው ፈታሽ አንዱን ብልቃጥ አንሥቶ ክዳኑን አሸተተና፣ «እህቴ፣ ይሄ ነዳጅ ነው» አለኝ።

«ጠብታ እኮ ናት።»

«ጠብታዋም አትበርም።»

በአውቶቡስ ሄድኩ።

ረቡዕ

ከድሬ የተነሣነው ጎህ ሳይቀድ ነው። ስድስቱን ብልቃጦች በጥጥና በፕላስቲክ ጠቅልዬ ምሳ ዕቃ ውስጥ አድርጌ ጭኔ ላይ ያዝኳቸው። ስለዚህ መንገድ ብዙ አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ። ቁልቢ ላይ በረደኝ፣ አዋሽ ላይ ሞቀኝ፣ አዳማ ላይ ራበኝ። አዲስ አበባ መናኸሪያው አጠገብ ያለ አልቤርጎ አደርኩ። ብርድ ልብሱ ከኔ ይልቅ ብርድ ልብስ ያስፈልገው ነበር። ለነገው መንገድ የሥጋ ሳምቡሳ ገዝቼ በሌላ ምሳ ዕቃ ያዝኩ። ሁለቱ ምሳ ዕቃዎች መንታ መሆናቸውን ያሰብኩበት አልነበረም።

ሐሙስ

ከጎኔ የተቀመጡት ነጭ ጥምጥም ያደረጉ መሪጌታ ነበሩ፤ ሐይቁ ዳር አንድ ደብር ያገለግላሉ። ጎሐ ጽዮንን አልፈን የዓባይን በረሃ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ፤ ድልድዩ ጋ ስንደርስ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ደስታዬ ሲበዛ ለጋስነት መጣብኝ። ምሳ ዕቃዬን ከፈትኩና በድሬ ልማዴ፣ «እንካ፣ ሳምቡሳ ብላ!» አልኳቸው።

ከፊት ያሉት ሁለት ወንበሮች ዞረው አዩኝ። አንዲት ሴትዮ «ኧረ አንቱ በይ!» አለችኝ በሹክሹክታ። እኛ ዘንድ ሽማግሌም አንተ፣ ዶክተርም አንተ፣ ፈቅዶ ቢመጣ ከንቲባም አንተ ነው፤ እዚህ ግን ምላሴ ወንጀለኛ ሆነ።

መሪጌታ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። ነገር ግን ፍልሰታ ነው፤ ጾም ነው። ሥጋም ይመስለኛል። እርዱም ከኛ ይለያል። ሰዓቱም ገና ነው። በአራት በኩል ተከለከልሁ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ቶሎ ብዬ ከደንኩትና በድንጋጤ ብስኩት ያለበት መስሎኝ መንታውን ምሳ ዕቃ ከፍቼ ዘረጋሁላቸው። ስድስቱ ብልቃጦች ጥጥ ውስጥ ተኝተዋል።

መሪጌታ አጎንብሰው አዩ። «ይኸኛውስ የጾም ነው?»

አውቶቡሱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ ማስረዳት ነበረብኝ። ሻሼን ከላይ ጋርጄ ሐምራዊውን የእጅ ባትሪዬን አበራሁ። ስድስቱም አረንጓዴ ሆኑ። መሪጌታ ሻሹ ውስጥ ራሳቸውን አስገብተው ብዙ ቆዩ።

«ዕፁብ ነው» አሉ ሲወጡ። «ስንት ጊዜ ይኖራል?»

«እሱን ለማወቅ ነው የምሄደው… አባቴ። እርስዎ።»

«እኛ ዘንድ በክረምት ብራናው ሳይቀር ይሻግታል። ያንቺዎቹ ከብራና ይበረቱ ይሆን?»

ይበረታሉ አልኳቸው። በኩራት ነው ያልኩት።

ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ በላሁ፤ ሽሮው ከኛው ይወፍራል፣ ሚጥሚጣው ግን ከኛው ያንሳል። መሪጌታ ሰዓታቸው ስላልደረሰ ውጭ ቆመው ጠበቁኝ፤ ምሳ ዕቃውንም እሳቸው ያዙልኝ። እንጅባራ ላይ ዝናብ ተቀበለን፤ ዳንግላ፣ መራዊ፣ መሸንቲ ድረስ ሳይለቀን ሸኘን። መሸንቲ ላይ በመስኮቱ አየሁ፦ አጥር አረንጓዴ፣ ጣሪያ ላይ የበቀለው አረንጓዴ፣ የድንጋዩ ጀርባ ሳይቀር አረንጓዴ። እኛ አገር አረንጓዴ የሚበዛው ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ነው።

ባሕር ዳር መናኸሪያ ሰርካለም ጃንጥላ ይዛ ቆማ ነበር። በባጃጅ ቤት ደረስን። አባቷ ጋሼ አለምነው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀለም ነካሪ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ጥፍራቸው ሥር አሁንም ሰማያዊ ያለ መሰለኝ። እናቷ እትዬ ይመኙሻል ገና ሳልቀመጥ እግሬን ለማሞቅ ፎጣ አመጡ። የአውቶቡሱ ነገር አስደንግጦኝ ስለነበር በሩን ከተሻገርኩ ጀምሮ ሁሉንም እርስዎ አልኩ። ጋሼን እርስዎ፣ እትዬን እርስዎ፣ ሰርካለምን እርስዎ። ወንበሩ ላይ የተኛችውን ድመት ሳይቀር «ይቅርታ፣ ትንሽ ይጠጉልኝ» አልኳት።

ጋሼ አለምነው ወደ ልጃቸው ዞሩና፣ «ይችን ልጅ መንገድ ላይ ማን አስፈራራት?» አሉ።

ዓርብ

ሥራ ጀመርን። ከየብልቃጡ ጠብታ ወስደን ትናንሽ የመስታወት ቁራጭ ላይ ቀባን፣ ቁጥር ሰጠናቸውና በሐይቁ በኩል ያለውን መስኮት ከፍተን ሰሌዳ ላይ ደረደርናቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የሐይቁ አየር ይምጣባቸው፤ እኛ በየቀኑ ብርሃናቸውን እንለካ። የመጀመሪያው ቀን ስድስቱም እንደ አዲስ አበሩ። ሰርካለም አጨበጨበች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ከአንድ እስከ አምስት ያሉት አምስት ጊዜ የታጠቡ ናቸው። ስድስተኛዋ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የታጠበችው። ድሬ ላይ በሠራኋት ቀን ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ መብራት ጠፋ፣ የሚያሽከረክረው ማሽን ቆመ፣ እሷም እንደቀረች ቀረች። ቢጫ ቢጫ የምትል፣ ዘይቷ የሚታይ፣ ያልተበጠረች ልጅ ነች። ለማነጻጸሪያ አመጣኋት እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ያመጣኋት አምስቱ ከጎኗ ሲቆሙ እንዲያምሩ ነበር። ለሰርካለም አልነገርኳትም፤ ከሌሎቹ እኩል ቁጥር ሰጥቼ ዝም አልኩ።

ቅዳሜ

ጠዋት ልብሴን ለበስኩ፤ ትናንት ያጠብኩት ነው። እኛ ዘንድ ሸሚዝ ጨምቀሽ አስጥተሽ ሁለተኛውን እስክትጨምቂ የመጀመሪያው ይደርቃል። ይኸኛው ግን እንደ ዓሣ ቀዝቃዛ ነበር። ክብሪቱ አልጫር አለ። ስኳሩ ከማንኪያው ጋር ተጣብቆ ወጣ።

ቤተ ሙከራ ስንደርስ ቁጥር አንድና ቁጥር ሦስት ደብዝዘዋል። ሰርካለም መለኪያውን ሁለቴ አየች። «መሣሪያው ይሆናል» አለች፤ ልታጽናናኝ ነው። መሣሪያው እንዳልሆነ ሁለታችንም አውቀናል።

ምሳ ላይ እትዬ ይመኙሻል ለኔ ብቻ ዓሣ ሠሩ። እርድ የማያነጋግር ምግብ ብለው አስበውበት፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ቀረሶ የሚባለውን የጣና ዓሣ ትኩሱን አስመጥተው ነው። እሳቸው በፍልሰታ ዓሣ አይቀምሱም፤ ጋሼም፣ ሰርካለምም። ስለዚህ ወጡን የቀመሰው ሰው የለም። ጨዋቸው ደግሞ በእርጥበቱ ረጥቦ እንደ ጠጠር ተያይዞ ነበር፤ ከዕቃው ሲነቀንቁት እምቢ ብሎ፣ እምቢ ብሎ፣ በመጨረሻ ጓሉ እንዳለ ድስቱ ውስጥ ወደቀ። ይህን ያወቅሁት የመጀመሪያውን ጉርሻ ስውጥ ነው። ቀይ ባሕርን በላሁት።

ሦስቱም ቁጭ ብለው ያዩኛል። እነሱ የሚበሉት ሽምብራ አሳ ነው፤ ስሙ አሳ ቢሆንም ከጣና አልመጣም።

«እንዴት ነው?» አሉኝ እትዬ።

«ግሩም ነው!»

ጨርሼ በላሁት። አምስት ብርጭቆ ውኃ ጠጣሁ። እትዬ ደስታቸው ወሰን አጣ፤ «የዓሣ ነገር ትወዳለች» ብለው በማግስቱ ማታም ደገሙልኝ። እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም፤ ይህን ጽሑፍም ሰርካለም እንዳታሳያቸው አደራ ብያታለሁ።

ከሰዓት በኋላ ግን አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ያን የጨው ጓል አሰብኩት። ድሬ ላይ ጨው እንደ አሸዋ ይፈስሳል፤ ጨውም ውኃ እንደሚስብ ረስተነዋል። የኔም ልጆች ጨው ናቸው። ኮታቸው ከሳሳ ይኸው አየር ይበላቸዋል። ኮታቸውን ያሳሳው ማነው የሚለውን ግን ገና አልጠየቅሁም፤ ወይም መጠየቅ አልፈለግሁም።

እሑድ

እትዬ ሐሙሲት ያለች እህታቸውን ሊጠይቁ ስለነበር ሰርካለምና እኔ ተከተልናቸው። የእሑድ ልኬት እንዳያልፈኝ ሰሌዳዬን ጠቅልዬ ይዣለሁ። ሐሙሲት በጎንደር መንገድ ላይ ያለች፣ አውቶቡስ ሲቆም የምትነቃ፣ ሲሄድ ሻይዋን የምትጠጣ ከተማ ነች። ከሚኒባስ ስወርድ ግን ባትሪዬ ከኪሴ ወድቆ ጭቃ ውኃ ውስጥ ገባ። አወጣሁት፤ አራገፍኩት፤ ለመንኩት። ሞቷል።

እትዬ ወደ እህታቸው ሲሄዱ ሰርካለምና እኔ ሻይ ቤት ገባን። ባለቤቷ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ነች። ባንኮኒዋ ላይ ምን አየሁ? ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ሐምራዊ መብራት።

«እትዬ፣ ያቺን መብራትዎን ለአንድ ደቂቃ ያውሱኝ?»

«ብርሽ ያጠራጥራል እንዴ?»

«ብር አይደለም፤ መስታወት ነው።»

ሰሌዳውን ከሥሩ አስገባሁት። ከዚያ በኋላ የሆነውን መከላከል አልቻልኩም። ሻይ ይጠጣ የነበረው ሁሉ ተነሥቶ ከበበን። አንዱ «የጅብ ዓይን ነው» አለ። ሌላው «ኧረ የስልክ መስታወት ነው፣ ተሰብሮ ነው» አለ። እኔ ግን ድምፅ አይሰማኝም። አንድ፣ ጨለማ። ሁለት፣ ጭል ጭል። ሦስት፣ ጨለማ። አራት፣ ጨለማ። አምስት፣ ጭል ጭል።

ባለ ሻይ ቤቷ በጣቷ እየጠቆመች በሰው ፊት ቆጠረችልኝ፤ «ይች ሞታለች። ይችም ሞታለች። ይች ነፍሷ አልወጣም። ይች ደግሞ…» ስድስተኛዋ ላይ ስትደርስ ጣቷን ሰበሰበች። ስድስተኛዋ አፏን ከፍታ ታበራለች። «ይችስ? ይች ለምን አልሞተች?»

ሰርካለምም ወደ እኔ ዞረች። «እውነትም፣ ስድስተኛዋ በምን ትለያለች?»

«ዕድል ነው» አልኩ።

ሻዩን ሳልጨርስ ተውኩት። እትዬ ከእህታቸው ቤት ሲመለሱ ፊቴን አይተው «አመመሽ?» አሉ፤ አንዲት ዝንጅብል ገዝተው እጄ ላይ አደረጉልኝ። እስከ ባሕር ዳር ድረስ ዝንጅብሉን እንደያዝኩ መጣሁ።

እራት ላይ ሁለተኛው ዓሣ ቀረበ። ምናልባት ጨው የሰውን ምላስ ይፈታ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ጎርሼ ሁሉንም ተናገርኩ። ስድስተኛዋ አንዴ ብቻ የታጠበች መሆኗን፣ መብራት የጠፋባት መሆኗን፣ ላሳንሳት ያመጣኋት መሆኗን። ሰርካለም ሹካዋን አስቀመጠች። ተቀይማለች፤ ተገቢም ነው። «ሦስት ቀን ሙሉ የማላውቀውን ነገር ስለካ ነበር ማለት ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት።

ጋሼ አለምነው፣ «ሌሎቹን ስንት ጊዜ ነው የምታጥቢያቸው?» አሉ።

«አምስት ጊዜ።»

«አምስት?» ወደ ኋላ ተደገፉ። «ኧረ እኔ ክፍል ብትሆኝ አባርርሽ ነበር!»

እንዴት ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ቀለም የነከርሁትን ጨርቅ አንድ ጊዜ አጥባለሁ፤ ትርፉ ቀለም ይሄዳል። ሁለተኛ አጥባለሁ፤ የላላው ይሄዳል። ሦስተኛና አራተኛ ካጠብሁ ግን የያዘውን ነው የማስለቅቀው። ውኃው እየጠራ ሲሄድ ጀማሪ ደስ ይለዋል። ጨርቁን አያየውም፤ ውኃውን ነው የሚያየው።»

ጀማሪዋ እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የብልቃጤን ጥራት ሳይ ኖርኩ፤ ያጠራሁት የልጆቼን ኮት እየገፈፍኩ ነው።

ሰኞ

ጋሼ አለምነው በነጋታው እኛን ቀድመው ለብሰው ቆመዋል፤ ኮታቸው ኪስ ውስጥ የአቼቶ ጠርሙስ አለ። ስለ እጥበቱ የተናገሩት ልክ ሆኖ ስለተገኘ አንድ ደረጃ ከፍ ብለዋል። «ቀለም የሚጸናው በአቼቶ ነው፤ ዛሬ እነዚያን ሁለቱን እናድናቸዋለን» አሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጨው ነው፤ አቼቶ ይገድለዋል።»

«አርባ ዓመት ግድም የሠራሁበት ነው የምልሽ!»

ቁጥር ሁለት ሰሌዳው ላይ እያጣጣረች ነበር፤ ከብልቃጧ ትንሽ ቀድቼ ሰጠኋቸው። ጓንት አስለበስናቸው። በጥንቃቄ፣ እንደ ሐኪም፣ አንዲት ጠብታ ጣሉ። አረንጓዴው በአንድ ትንፋሽ ጠፋ፤ የተረፈው ግራጫ ውኃ ነው።

ጋሼ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አነሡት፣ አገላበጡት፣ አስቀመጡት። «ገደልኋት» አሉ በቀስታ።

ከትናንት ጀምሮ ያኮረፈችው ሰርካለም መጀመሪያ አፏን ያዘች፣ ከዚያ አልቻለችም። እኔም አልቻልኩም። ሦስታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን፤ ኩርፊያውም በዚያው ሄደ። ሰሌዳው ላይ ያሉትን ስንለካ ሁለተኛዋም አምስተኛዋም ጨልመዋል። ስድስተኛዋ ብቻ ቀረች።

ከዚያ መደወል ነበረብኝ። ስልኩን ይዤ ሐይቁ ዳር ወጣሁ። አንድ ታንኳ ቄጠማ ጭኖ ያልፋል። ከዚህ በፊት ሐይቅ ዳር ደርሼ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ እንዲያ ባለ ቦታ ቆሜ ሰው የማስከፋ ግን አይመስለኝም ነበር።

«ዶክተር፣ አምስቱም ሞቱ።»

የድሬ ባጃጅ ጥሩምባ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

«ስድስተኛዋስ?»

«አለች።»

«ያቺ መብራት የጠፋባት?»

«እሷ።» ስለ እጥበቱ ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ቀለም ነካሪውም፣ ስለ ኮቱም። ለመቆጣት ጊዜ ሰጠሁት። አልተቆጣም።

«ፈቲ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ "ድገሚ፣ እጠቢ" ሲልሽ የነበረው ማነው?»

«አንተ ነህ።»

«እንግዲያው የገደልናቸው ሁለታችን ነን። ዓረፍተ ነገሩን ከጽሑፉ አውጪው።»

«ስብሰባው ላይ የተናገርከውስ?»

«እሱን እኔ እውጠዋለሁ።» አለኝ። «መመረቅሽ ግን ሊቆይ ይችላል።»

«አውቃለሁ» አልኩት። ታንኳው ሄዷል። አፍንጫዬን ጠረግሁ፤ ብርድ ነው ብላችሁ ውሰዱልኝ።

«አሁን ሌላ ጥያቄ አለ» አለ ዶክተር። «ያቺ ልጅ በሕይወት መኖሯ መልካም። ዘይቷ በዝቶ ኤሌክትሪክ ካላሳለፈች ግን መብራት አትሆንም። በሕይወት ያለችና የምትሠራ አንድ አይደሉም። ነገ ሞክሯት።»

ማክሰኞ

ሰርካለም ለሌላ ሥራ ያዘጋጀቻቸው ኤሌክትሪክ የሚያሳልፉ መስታወቶች ነበሯት፤ ሁለቱን ሰጠችኝ። ለራሷም ጥቂት ነበራት፤ አልሰሰተችም። የመጀመሪያው ላይ ስድስተኛዋን እንዳለች ቀባናት። ከሥርና ከላይ የሚያስፈልገውን ደርበን ሽቦ አገናኘን። ምንም። ዘይቱ ዘግቷታል።

ሁለተኛው ላይ ከመቀባታችን በፊት አንድ ጊዜ ብቻ አጠብናት፤ ከድሬው ጋር ሁለት። እጄ ለሦስተኛ እጥበት ራሱ ሄደ፤ ልማድ ነው። ሰርካለም የእጄን አንጓ ያዘች። «በቃ» አለች።

ጋሼ አለምነው መጡ። «ገዳዩ ራሱ ሳይገኝ አይሆንም» ብለው ጥግ ያዙ፤ አቼቶውን ቤት ትተውታል፤ ኪሳቸውን ፈትሸናል። እኔ ለዶክተር ደወልኩና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከሰዓት በኋላ ነው። ደመናው ሐይቁን ሸፍኖ እየመጣ ነበር። መሣሪያውን ሰክተን ልናበራ ስንል መብራት ጠፋ።

«መብራት ጠፋ» አልኩት ዶክተርን።

«እዚያም?» አለ።

ሰርካለም መሳቢያ ከፍታ ሦስት የባትሪ ድንጋይ አወጣች። በፕላስተር አያያዝናቸው። ዝናቡ ጣሪያውን ይወቅጣል፣ ክፍሉ ጨልሟል። መልካም ሆነ፤ ብርሃን ኖሮ ቢሆን የሆነውን ባላየነው። ሽቦውን አስነካሁ።

በመስታወቱ መካከል፣ ጥፍር የምታህል ቦታ ላይ፣ አረንጓዴ መጣ።

ከሐምራዊ ባትሪ ተውሳ ሳይሆን በራሷ ነው ያበራችው። ከዚያ ጋሼ አለምነው በሹክሹክታ መቁጠር ጀመሩ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» ሰርካለም ተቀበለቻቸው። አሥር ላይ እኔም ገባሁ። ሃያ ላይ ከስልኩ ውስጥ የዶክተር ድምፅ ተጨመረ፤ ምን እንደምንቆጥር ሳያይ ይቆጥራል። ሠላሳ ላይ ጠርዟ መበላት ጀመረ፤ አረንጓዴው ወደ መሃል እየተሰበሰበ ሄደ። የጋሼ ድምፅ ከፍ አለ፤ በርቺ የሚሏት ይመስላሉ። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ። አርባ አንድ።

ጠፋች።

ሽቦውን ነቅዬ መልሼ አስነካሁት፤ ድንጋዮቹን ገለበጥኩ፤ መስታወቱን እፍ አልኩት። የለችም። ብልቃጡም ባዶ ነው፤ የቀረውን ጠብታ ለዚህችው ተጠቅመንበታል።

«ጠፋ?» አለ ዶክተር ከድሬዳዋ።

«ጠፋ።»

«ስንት ደረሰ? እኔ መሃል ላይ ነው የገባሁት።»

ጋሼ አለምነውን አየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

«አርባ አንድ» አልኩ።

«እንግዲያው ጽሑፉ ላይ አርባ አንድ ሰከንድ ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

እርሳስ ከሰርካለም ተቀበልኩና፣ መስኮቱ ጋ ብርሃን ወዳለበት ጠጋ ብዬ ጻፍኩት።